አዛውንቶቻችንን ማን ጠየቃቸው?

«እናቴን መሞከሪያ አላደርግም!»

ስለ መርሳት በሽታና ስለሚያረጅ አንጎል የሚካሄድ ጥናት ፈቃደኛ ሲፈልግ ከኢትዮጵያውያን ልጆች አፍ ፈጥኖ የሚወጣው መልስ ይህ ነው። አዲስ አበባም ይባላል፤ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግም ይባላል። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ የተማረ፣ እናቱን የሚጦር፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ደግ ልጅ ነው። ሰሚውም «አበጀህ» ይለዋል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እናትየው ግን አልተጠየቁም።

መልሱ ከፍቅር እንደሚመነጭ አውቃለሁ። ቢሆንም ስህተት ነው፤ ጉዳትም አለው። አዛውንትን ከምርምር ማራቅ ከበሽታው አይጠብቃቸውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር በገዛ አካላቸውና በቀሪ ዘመናቸው ላይ የመወሰን ሥልጣናቸውን መውሰድ ነው። ከዚያም አልፎ ነገ የሚወጣው መድኃኒትና መመርመሪያ የእኛን ሰው ሳያውቅ እንዲሠራ ይፈርዳል።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ብዙው ፍርሃት ይህን ካለማወቅ ይነሳልና። ስለሚያረጅ አንጎል ከሚደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ መድኃኒት አይሰጡም። ፈቃደኛው በየጊዜው እየቀረበ ጥቂት ቃላት ይነገሩትና ቆየት ብሎ እንዲደግማቸው ይጠየቃል፤ የደም ግፊቱ ይለካል፤ ደም ይቀዳለታል፤ በአንዳንዱ ጥናት ኤምአርአይ ይነሳል። ከጀርባ ውሃ መውሰድ በሚኖርበት ጊዜም «ይህን አልፈልግም፣ በሌላው እቀጥላለሁ» ማለት የሚቻልባቸው ጥናቶች አሉ። የመድኃኒት ሙከራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የራሱ አደጋ አለው፤ እመለስበታለሁ። ደግሞም የሚፈለጉት የሚረሱት ሰዎች ብቻ አይደሉም። የታመመው በምን እንደተለየ የሚታወቀው ጤነኛውም ሲለካ ስለሆነ፣ ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው የዕድራቸውን ሒሳብ በቃላቸው የሚይዙት አባት ከማንም በላይ ይፈለጋሉ።

ከእምቢታው ሥር የተቀበረ አንድ እምነት አለ። መርሳት የእርጅና ዕጣ ነው፤ ስለዚህ የሚጠና ነገር የለም የሚል። አባት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ሲጠፋባቸው «ዕድሜ ነው» እንላለን። እናት ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ሲጨምሩበት፣ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ሲጠሩ፣ አሁንም «ዕድሜ ነው»። ይህ አባባል ሰላም ይሰጣል፤ ማንንም አያስወቅስም፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ ሐኪም ፊት አያቀርብም። ሐሰት መሆኑ ነው ችግሩ።

አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በአንዲት ጎልማሳ ሴት ምክንያት ነው። ኦገስተ ዴተር በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክፈርት ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስትገባ ገና 51 ዓመቷ ነበር። በ1906 ስትሞት ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ። በሴሎቹ መካከል የተጠራቀመ ዝቃጭ፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተወሳሰበ ክር አገኘ። የሚታይና የሚነካ ነገር ነበር። ኦገስተን ግን ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም፤ በዘመኑ በሽተኛን መጠየቅ ልማድ አልነበረምና። ይህን እዚህ የማነሳው በኋላ ስለምፈልገው ነው።

ትልቁ ማስረጃ የመጣው ደግሞ ከገዳም ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባለ ተመራማሪ በ1986 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ በማንኬቶ ከተማ፣ በማስተማር የኖሩ የካቶሊክ ደናግልን ማጥናት ጀመረ። ጥናቱ እየሰፋ ሄዶ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ 678 የኖትር ዳም ማኅበር መነኮሳይያት ገቡበት። በየጊዜው ተፈተኑ፤ ሁሉም ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው እንዲመረመር ተስማሙ። ለጥናት እንዲህ የተመቸ ሕይወት በሌላ ቦታ አይገኝም። አንድ ዓይነት ማዕድ ይበላሉ፣ አያጨሱም፣ አይወልዱም፣ አንዳንዶቹም በወጣትነታቸው ወደ ማኅበሩ ሲገቡ የጻፉት የሕይወት ታሪክ በማኅደር ተቀምጦ ነበር። ከእነርሱ መካከል እህት ሜሪ ተብለው የሚታወቁት በ101 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን እስከ መጨረሻው ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፉ ነበር። አንጎላቸው ሲታይ ግን የአልዛይመር ምልክት ሞልቶበታል። በሽታው ነበረባቸው፤ መርሳቱ ግን አልነበረባቸውም። ሌላም ነገር ታየ። የአልዛይመር ምልክት ከተገኘባቸው ደናግል መካከል በአንጎላቸው ውስጥ ትንንሽ የደም ሥር መደፈን የደረሰባቸው፣ ይህ ካልደረሰባቸው ይልቅ በብዛት ለመርሳት በሽታ ተዳርገው ነበር።

የመጨረሻውን ነጥብ አንድ ኢትዮጵያዊ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። ትንንሾቹን ደም ሥሮች ከሚደፍኑት ዋነኛው ደም ግፊት ነው። ደም ግፊት ደግሞ በየቤታችን ያለ፣ «አላመመኝም» እየተባለ ክኒኑ የሚቋረጥ በሽታ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር ይያያዛል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ የማየት ችግር፣ በልጅነት አለመማርና ብቸኝነት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ ሁሉ የታወቀው በሺህ የሚቆጠሩ አዛውንቶች «እሺ፣ ለኩኝ» ብለው ስለቀረቡ ነው።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ይህን ፍርሃት የሚንቅ ሐኪም ታሪክ አላነበበም። በአላባማ ግዛት፣ በተስኪጊ፣ ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሥልጣን 399 የቂጥኝ ሕሙማን የነበሩ ጥቁር ወንዶችን «እናክማችኋለን» እያለ በሽታው እንዴት እንደሚገድላቸው ሲመለከት ኖረ። ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱ ታውቆ በየቦታው ሲሰጥም እነርሱ ተከለከሉ። የራሳችንም ቁስል አለ። በ1996 መጀመሪያ በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን በፈቃዳቸው የሚለግሱትን ደም የደም ባንኩ ኤችአይቪን በመፍራት በድብቅ ሲጥለው እንደኖረ ተጋለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ ደማቸው እንደ ቆሻሻ መደፋቱ አንገበገባቸው። እንዲህ የሆነበት ሕዝብ መርፌ የያዘን ሰው ቢጠራጠር ማን ይፈርድበታል?

በአልዛይመር ጥናት ውስጥም ጉዳት ደርሷል። በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተሞከረ ኤኤን1792 የሚባል ክትባት ነበር፤ ከወሰዱት 298 ሰዎች ውስጥ 18ቱ የአንጎል ብግነት ስላመጣባቸው በ2002 እንዲቆም ተደረገ። ይህን የሚሸሽግ ቅስቀሳ አልቀሰቅስም። «ምንም አይሆኑም» ብሎ አዛውንት የሚያስፈርም ሰው ካለ፣ ከዚያ ሰው መሸሽ ተገቢ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤም ግን እምቢታውን እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ታሪኮች የሚወጣው ትምህርት ሌላ ነው። የተስኪጊው ግፍ ሰዎቹ መጠናታቸው ብቻ አይደለም፤ እውነቱ አልተነገራቸውም፣ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም፣ መድኃኒቱም ተነፈጋቸው። ነገሩ ሲጋለጥ አሜሪካ በ1974 የምርምር ሕግ አወጣች፤ በ1979ም የቤልሞንት ዘገባ የተባለው ሰነድ የሰውን ልጅ የሚያጠና ሁሉ ሊጠብቃቸው የሚገባውን መርሆች ደነገገ። ዛሬ ጥናት የሚያካሂድ ሰው ተመራማሪ ባልሆኑ ሰዎችም ጭምር በሚታይ ገምጋሚ ቦርድ ፊት ሳያልፍ አንድ ጠብታ ደም መውሰድ አይችልም፤ በኢትዮጵያም እንዲህ ዓይነት ቦርዶች አሉ። ተሳታፊው በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ የተለመደ ሕክምናው ሳይጓደልበት «በቃኝ» ብሎ መውጣት ይችላል። የእስራኤሉ በደል ደግሞ ጭራሹን የተገላቢጦሽ ነበር። ሰጪዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ሳለ ወደ ውጭ የተገፉበት በደል ነው። እኛ ተገፍተን ባለቀስንበት ነገር ዛሬ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ውጭ የምንገፋበት ምክንያት አይገባኝም። ክትባቱም የቆመው በየጊዜው የሚመረምር ዓይን ስለነበረ ነው። ተሳታፊዎቹ ከዚያም በኋላ ክትትል ተደርጎላቸው፣ ያረፉትም አንጎላቸው ታይቶ ዝቃጩ ከአንጎል ሊጸዳ እንደሚችል የታወቀው ከእነርሱ ነው። ዝቃጩ ጸድቶም መርሳቱ አለመቆሙ የታወቀውም ከእነርሱ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ፤ ስንቀር ምን እንደሚሆን።

በ1992 በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ በአንድ ጊዜ የተጀመረ ጥናት አለ። ናይጄሪያዊው የነርቭ ሐኪም ኦሱንቶኩን ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው የጠነሰሱት። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ 2,459 የዮሩባ ሰዎችንና 2,147 ጥቁር አሜሪካውያንን በተመሳሳይ ዘዴ ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ2001 የወጣው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ። በኢባዳን በዓመት አዲስ የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው 1.35 በመቶ ሲሆኑ በኢንዲያናፖሊስ ግን 3.24 በመቶ ነበሩ። በዘር ግንድ የሚቀራረቡ ሁለት ሕዝቦች፣ ከእጥፍ በላይ ልዩነት! እንግዲህ ምግቡ ነው? የደም ሥር ጤናው ነው? ኑሮው ነው? ሌላም ነገር ታየ። አፖኢ4 የሚባል፣ በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ የአልዛይመርን አደጋ አጥብቆ የሚጨምር የዘረመል ዓይነት አለ፤ በኢባዳኖቹ ላይ ግን በመጀመሪያዎቹ ትንተናዎች ያ ግንኙነት አልታየም።

የኢባዳን አዛውንቶች ባይቀርቡ ኖሮ ሳይንስ የአውሮፓን ሰው አንጎል የሰው ልጅ ሁሉ አንጎል አድርጎ ይቀጥል ነበር። አሁንም በብዙ ነገር እንደዚያው ነው። እኛ ምዕራብ አፍሪካውያን አይደለንም፤ አውሮፓውያንም አይደለንም። የዘረመል ምርመራ ውጤት የያዘ ሐኪም ፊት የተቀመጡ የጎንደር ወይም የጅማ ተወላጅ እናት ስለ ዕጣቸው የሚነገራቸው በሌላ ሕዝብ ላይ ከተሰላ ቁጥር ተነስቶ ነው።

መመርመሪያውን ደግሞ ተመልከቱ። ሐኪሞች በብዛት ከሚጠቀሙባቸው አጫጭር ፈተናዎች በአንዱ ከ30ው ነጥብ 5ቱ ስለ ጊዜ ናቸው፤ ዓመቱ፣ ወቅቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ፣ ዕለቱ። ሜሪላንድ ያሉ የሰባ አምስት ዓመት እናት ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ቢናገሩ ከአሜሪካው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያንሳል። በሐምሌ «ክረምት ነው» ቢሉ ለእርሳቸው እውነት ነው፤ መስኮቱ ላይ ግን የአሜሪካ በጋ ፀሐይ አለ። ሌላው የታወቀ ፈተና የሰዓት ሥዕል ያስስላል፤ አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ የሚያሳይ ሰዓት ሣሉ ይላል። አስተርጓሚው እንዳለ ተርጉሞ ቢነግራቸውና እናት አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ቢያደርጉት፣ ዕድሜ ልካቸውን ግድግዳ ላይ ሰዓት ያነበቡት እንደዚያ ስለሆነ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ግን «አልቻሉም» ይላል። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ ሲሆኑስ? ጤነኛዋ ታማሚ ተብለው ይመዘገባሉ። የተገላቢጦሹም ይደርሳል። በእውነት መርሳት የጀመራቸው አባት «ትምህርት ስለሌላቸው ነው» ተብለው ሳይታዩ ይመለሳሉ።

ይህ የማይቀር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ ከሚኖሩ የክሪ ተወላጆች ጋር የተዘጋጀ፣ ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ፣ አዛውንቱን ብቻ ሳይሆን የቅርብ ዘመዳቸውንም የሚጠይቅ መመርመሪያ ተሠርቶ ለኢባዳንም ተስማምቶ ውሏል። ተስማምቶ የዋለው ግን ክሪዎቹና ዮሩባዎቹ ስለቀረቡ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚናገሩ ጤነኛ አዛውንቶች በብዛት ተፈትነው ጤነኛ ሰው ስንት እንደሚያገኝ ካልታወቀ፣ ጎበዝ ተርጓሚ ብቻውን ምንም አያመጣም። አሜሪካ፣ እስራኤልና አውሮፓ ያረጁ ወላጆች ያሏችሁ ይህን በቀጥታ ለእናንተ ነው የምለው። ለወላጆቻችሁ የማይሆን ፈተና እንዳይቀርብላቸው የምትፈልጉ ከሆነ የሚሆናቸው ፈተና የሚሠራው ከእነርሱው ነው።

በመድኃኒቱም ረገድ ታሪኩ ያው ነው። ሌካኔማብ የተባለው፣ ከአንጎል ዝቃጩን የሚያጸዳው መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው በ1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወራት ከተሞከረ በኋላ ነው። ከእነዚህ መካከል ጥቁሮች ከመቶ 3 እንኳ አልሞሉም። ውጤቱ ከልክ በላይ እንዲሞገስ አልፈልግም። የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘገየ፤ 18 ነጥብ ባለው የበሽታው መለኪያ ልዩነቱ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ከስምንት ተጠቃሚ በአንዱ ያህል ላይም የአንጎል እብጠት በምስል ታይቷል። ለእኛ አዛውንት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ልጅ ሐኪሙን ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ በሐቀኝነት ሊመልስበት የሚችል ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ያ ልጅ ምናልባት ከጥቂት ዓመታት በፊት «እናቴን መሞከሪያ አላደርግም» ያለው ነው። አሁን ግን እናቱ ያለ ጥናት፣ ያለ ክትትል፣ ያለ ገምጋሚ ቦርድ ሊሞከርባቸው ነው።

በአገር ቤትም ጉዳዩ ከዚህ አይለይም፤ በአንድ በኩል ግን ልንኮራ ይገባናል። ከ1986 ጀምሮ የጤና ጥናት የሚካሄድባት ቡታጅራ ውስጥ፣ ከ1998 አንስቶ በተደረገ የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ይህን ያህል የገጠር ሰው ስለ አእምሮ ሕመም ሲጠየቅ በሩን ከፍቶ መልሷል። «የእኛ ሰው ለጥናት አይመችም» የሚለውን ወሬ ይህ ብቻውን ያፈርሰዋል። ነገር ግን የተጠየቁት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑት ነበሩ። ለዚያ ጥናት በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ አጥኚዎቹን አልወቅስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ 50 ዓመት እንኳ አይኖርም ነበር። ዛሬ ግን አማካዩ ከ65 አልፏል። ያኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሆነው የተጠየቁት የቡታጅራ ሰዎች አሁን ወደ ስልሳው ናቸው። ከ50 በላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ አንጎል የማጥናት ጊዜው አሁን ነው፤ ሽማግሌው በሚረሳበት፣ ልጆቹ ከተማ በተበተኑበት፣ አስታማሚዋ አንዲት ደካማ ሚስት ብቻ በሆነችበት ዘመን።

«ለእናቴ ምን ይጠቅማታል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ መልሱ ምናልባት ምንም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይናገር የሚያስፈርም ተመራማሪ ይዋሻል። በመድኃኒት ሙከራ ግማሹ ያህል ተሳታፊ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው መድኃኒት የሌለበት መምሰያ ነው፤ የትኛው እንደደረሰው ሐኪሙም አያውቅም። በኮሎምቢያ አንቲዮኪያ የሚኖሩ ቤተሰቦች ይህን በገዛ ሕይወታቸው ያውቁታል። ከአንድ የዘረመል ለውጥ የተነሳ ገና በአርባዎቹ ዕድሜያቸው መርሳት ይጀምራቸዋል፤ ለትውልዶች እንደ እርግማን ሲቆጥሩት ኖረዋል። ሐኪማቸው ፍራንሲስኮ ሎፔራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በተራራ መንደሮቻቸው እየዞሩ የትውልድ ሐረጋቸውን መዘገቡ። 252 የቤተሰቡ አባላት በአንድ የመድኃኒት ሙከራ ለዓመታት ተሳተፉ፤ በ2022 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱ አልሠራም። በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ግን ያንን ለውጥ ተሸክማ እስከ ሰባዎቹ ዕድሜዋ ድረስ ሳትረሳ የኖረች አንዲት ሴት ተገኘች። በዘረመሏ ውስጥ ከበሽታው የሚከላከል ሌላ ብርቅ ለውጥ እንዳለ በ2019 ታተመ፤ ዛሬ ተመራማሪዎች ያንን መከላከያ በመድኃኒት ለመምሰል ይደክማሉ። የልጅ ልጆቿ የሚጠብቁት ይህንን ነው።

ጥቅሙ ቅርብ የሆነባቸው ጥናቶችም አሉ። በአሜሪካ 9,361 ሰዎች የተሳተፉበት፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል ጥቁር የሆኑበት የደም ግፊት ጥናት ነበር። የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማውረድ የታከሙት፣ ከ140 በታች ብቻ እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ ቀለል ያለ የማስታወስ መድከም የደረሰባቸው በ19 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ፊንላንድ ውስጥም በ1,260 አዛውንቶች ላይ ለሁለት ዓመት በተደረገ ጥናት ከፊሎቹ ምግባቸው ተስተካክሎ፣ እንቅስቃሴ እየሠሩ፣ የአእምሮ ልምምድ እያደረጉ፣ ደም ግፊታቸው እየታየ አስተሳሰባቸው ከሌሎቹ ይልቅ መሻሻሉ ታውቋል። በምስር ወጥና በጎመን የኖረ ሰው፣ በዓመት ከግማሽ በላይ የሚጾም ሰው፣ ተራራ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ወይም መስጊድ የሚሄድ ሰው ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ምን ያህል ትምህርት ይዞ ይሆን? ማንም እስካልለካው ድረስ ግምት ብቻ ነው።

ስለ ሃይማኖት የሚነሳውን በአጭሩ ልበል። አካል ሳይጎድል መቀበር የሚል ብርቱ ስሜት በእኛ ዘንድ አለ፤ አከብረዋለሁ። አንጎልን ከሞት በኋላ መለገስ ግን የአንዳንድ ጥናቶች ጥያቄ ነው እንጂ የሁሉም አይደለም፤ «አይሆንም» ማለትም ሙሉ መብት ነው። የትንሣኤ እምነት የነበራቸው የማንኬቶ ደናግል ደግሞ አስበውበት «ይሁን» ብለዋል። ውሳኔው የእያንዳንዱ ሰው ይሁን፤ በመንፈስ አባቱ ወይም በሸኹ ምክርም ይሁን።

ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ሽማግሌው በሕይወት እያሉ በእርሳቸው ቦታ እኛ መናገራችን። ሐኪሙ ውጤቱን ለልጅ ያንሾካሽካል፤ ልጅም «ለእርሳቸው እንዳትነግራቸው» ይላል። ቤት ስንመለስ «ደህና ነዎት ብለዋል» እንላለን። ሽማግሌው ግን መርሳታቸውን ከማናችንም በፊት አውቀዋል፤ ሌሊት ብቻቸውን የሚያስቡት እርሱን ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ሰው ነገሩ ቀስ ብሎ፣ በቋንቋው፣ ደጋግሞ ከተነገረው ይረዳል፤ ይወስናል። በሽታው ከገፋም የቅርብ ሰው ሕጋዊ ፈቃድ ይሰጥለታል፤ እንዲያም ሆኖ የሰውየው «እምቢ» ሊከበር ይገባል። ኦገስተ ዴተር ያላገኘችው መጠየቅ ይህ ነው። እኛ ግን ሕጉ የሰጣቸውን ጥያቄ ደጃፍ ላይ ተቀብለን እንመልሰዋለን። አገር ሲያስታርቁ፣ ልጅ ሲድሩ፣ ርስት ሲያካፍሉ የኖሩ ሰዎች ስለ ገዛ ደማቸው ሲሆን እንደ ሕፃን ይቆጠራሉ። ይህን አክብሮት ብለን ልንጠራው አይገባም።

ትክክለኛው አጠያየቅ በእኛው አገር ተሠርቶ ታይቷል። በወላይታ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ስለሚያመጣው የእግር እብጠት የዘረመል ጥናት ሊደረግ ሲል አጥኚዎቹ በቀጥታ ናሙና ወደ መውሰድ አልገቡም። አስቀድመው ሕዝቡን «ፈቃድ እንዴት ብንጠይቃችሁ ይሻላል? የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?» ብለው አጠኑ፤ የጥናቱን አጠያየቅም በዚያ መሠረት ቀረጹት። ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት በ2012 በታላቅ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ለዘመናት «የዘር እርግማን» እየተባሉ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ የኖሩት ገበሬዎች፣ ሕመማቸው አፈሩና የሰውነት ተጋላጭነት ተገናኝተው የሚያመጡት መሆኑን በገዛ ናሙናቸው አስመሰከሩ። የወላይታ ገበሬ የቻለውን የአዲስ አበባ ጡረተኛ ወይም የቨርጂኒያ አያት የማይችሉበት ምክንያት የለም።

ተመራማሪዎችም ከዚህ ክርክር ነጻ አይወጡም። የአልዛይመር ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ አዛውንቱን በደንብ የሚያውቅ አጃቢ ሰው ይፈልጋሉ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ታክሲ ነጂ ልጅ፣ በሌሊት ፈረቃ የምታድር ልጅ በሥራ ቀን ጠዋት ለግማሽ ቀን መቅረት አይችሉም። ቅዳሜ ክፈቱ፤ ወይም ቤታቸው ሂዱ። ከእነርሱው ቋንቋ ተናጋሪዎች ነርስና መርማሪ ቅጠሩ እንጂ ለፊርማ ቀን ብቻ አስተርጓሚ አትከራዩ። በዕድር ስብሰባ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀርባችሁ ጥያቄ ተቀበሉ። ውጤቱንም ይዛችሁ ተመለሱ፤ ደም ወስዶ ድምፁን የሚያጠፋ ተመራማሪ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውንም ያስባርራል።

ወላጆች ያሏችሁ ሁሉ ይህን እለምናችኋለሁ። የጥናት ጥሪ ሲደርሳችሁ ራሳችሁ አትመልሱ። ወረቀቱን ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ በሚሰሙት ቋንቋ አንብቡላቸው። መድኃኒት አለበት ወይ፣ ምን አደጋ አለው፣ ደሙ የት ይቀመጣል፣ ውጤቱ ይነገረናል ወይ፣ ማን ገመገመው፣ ስንወጣ ምን ይሆናል ብላችሁ አጥኚውን እነርሱ ባሉበት ጠይቁ። አንድ ሳምንት ስጧቸው። «እሺ» ካሉ አጅቧቸው፤ «እምቢ» ካሉም እምቢታው የእርሳቸው ይሁን።